ለወላጆች ኅብረት አባላት፦ ስለ ልጆቻችን ምሳ ዕቃ

የተከበራችሁ የኅብረታችን አባላት፣

በባለፈው ስብሰባችን ብዙዎቻችሁ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ልጆቻችሁ ምሳቸውን ሳይነኩ እንደሚመልሱ ስለገለጻችሁ፣ ጥቂት ሐሳቦችን ልናካፍላችሁ እንወዳለን።

በዚህ ዕድሜ አጥንት በፍጥነት ስለሚያድግ ልጆች በቀን 1,300 ሚሊግራም ያህል ካልሲየም ያስፈልጋቸዋል፤ የወር አበባ ማየት የጀመሩ ልጃገረዶች ደግሞ ከወንዶቹ የበለጠ ብረት ይሻሉ። ስለዚህ ምስር፣ ሽንብራ ወይም ባቄላ ከሩዝ ወይም ከፓስታ ጋር ሲላክ ጥሬ ቲማቲምና ቃሪያ ቢጨመርበት ይመረጣል፤ በአትክልቱ ያለው ቫይታሚን ሲ ሰውነት የጥራጥሬውን ብረት በተሻለ ሁኔታ እንዲቀበል ያግዛልና። ከምግቡ ጋር የሚጠጣ ሻይ ግን ይህንኑ ጥቅም ይቀንሰዋል።

ዳቦ በእንቁላል የማይወድ ልጅ ጥቂት ነው፤ ቅሬታቸው ዳቦው መራሱ ነው። ትኩስ እንቁላል በተከደነ ዕቃ ውስጥ ላብ ስለሚያወጣ አስቀድሞ ማቀዝቀዝ፣ ቲማቲሙንም ለብቻው በትንሽ ዕቃ አድርጎ ልጁ ራሱ ሲበላ እንዲጨምረው መተው ችግሩን ያቃልለዋል። እንቁላል፣ ሥጋና እርጎ ያለ ማቀዝቀዣ ከ2 ሰዓት በላይ መቆየት ስለሌለባቸው፣ ፍሪዘር ውስጥ ያደረ የውሃ ጠርሙስ ከጎናቸው ይቀመጥ፤ እየቀለጠ ስለሚሄድም ለምሳ ሰዓት ቀዝቃዛ መጠጥ ይሆናል።

ለመክሰስ ሙዝ ወይም ብርቱካን ይበቃል። ኦቾሎኒ የምትልኩ ግን በክፍሉ አለርጂ ያለበት ተማሪ አለመኖሩን አስቀድማችሁ እንድታረጋግጡ እናሳስባለን።

ከሰላምታ ጋር፣
የኅብረቱ አስተባባሪ ኮሚቴ