ከደሴ፣ ስለ እናትሽ መዝገብ

ውድ አብሮ አደጌ፣

አራት ዓመት ጠፍቼ ዛሬ በፍርድ ቤት ነገር ብጀምር አትቀየሚኝ። የእማማን ማረፍ የሰማሁት አርባቸው ካለፈ በኋላ ነው። በአባዬ ለቅሶ ከአዲስ አበባ ገስግሰሽ ከሁሉ ቀድመሽ ደርሰሽልኝ ነበርና፣ ስልክ ባነሣሁ ቁጥር ኀፍረት እየያዘኝ መልሼ አስቀመጥሁት። ነፍሳቸውን ይማር፤ እኔንም ይቅር በይኝ።

ባለፈው ሳምንት ወንድምሽን ፒያሳ አገኘሁት። «የእናታችን የቤት ክስ ከእሷ ጋር ተቀበረ፤ ከሳሽ ከሞተ ምን ክስ አለ ተባልን» አለኝ። ይህንኑ ወሬ እኔም አምኜ ስድስት ወር ተኝቼበት ነበር።

አባዬ ሐይቅ ላይ በሽርክና የከፈተውን ወፍጮ ታስታውሺዋለሽ፤ ድርሻውን የከለከለውን ሸሪኩን ከስሶ ምስክር ሊያሰማ ሲል ነው የሞተው። የቀጠሮ ወረቀቶቹን በፌስታል ጠቅልሎ ካፖርቱ ኪስ ውስጥ ትቶልናል። በየጀርባቸው የወፍጮውን ሒሳብ በእርሳስ ጽፎባቸዋል፤ ስንት ኩንታል እንደተፈጨ፣ ስንት ብር እንደቀረ።

በቀጠሮው ቀን ጠበቃችን እንደ ወትሮው ተነሥቶ ሊናገር ሲል ተከሳሹ «የወከለው ሰው የለም፤ ይኼ ስለ ማን ነው የሚከራከረው?» አለ። ተናደድሁ፤ ግን ልክ ነበር። ወካይ ሲሞት ውክልናውም ያበቃል። መዝገቡ ይዘጋልኝ ሲል ግን ዳኛዋ እንቢ አሉ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 826 የሟች መብትና ግዴታ፣ በሞቱ ከሚቋረጡት በቀር፣ ወደ ወራሾቹ ይተላለፋል። የገንዘብ ጥያቄ አይቋረጥም፤ የቤትም እንዲሁ። የጎረቤታችን የፍቺ ክስ ግን ባልየው በቀጠሮ መሐል ሲሞት እዚያው ቀረ፤ ጋብቻው በሞት ፈርሶ ምን ይፋታል? ሴትዮዋ ልትፈታው ለነበረው ሰው ጥቁር ለበሰች።

ለእኛ ዳኛዋ የወራሽነት ማስረጃ ይዘን በአባዬ ቦታ እንድንተካ ቀጠሮ ሰጡን፤ ዝም ካልን መዝገቡ እንደሚዘጋም አስጠነቀቁን። ጭቅጭቁ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አጎቴ ማስረጃውን ከሸሪዓ ፍርድ ቤት አውጡ አሉ። እዚያ የሚዳኘው ሁሉም ወገን ሲስማማ ብቻ ነው፤ ታላቅ እህቴ ደግሞ ክርስቲያን አግብታ ከተጠመቀች ስንት ዓመቷ! አልተስማማችም፤ በሸሪዓ ሴት ልጅ የወንዱን ድርሻ ግማሽ ነውና የምትወርሰው፣ እኔም ለዚያ አልቸኮልሁም። አጎቴ ሁለት ወር አኮረፉን። በመደበኛው ፍርድ ቤት በአንቀጽ 842 መሠረት ሦስታችንም እኩል ወራሾች ተባልን። አሁን አጎቴ ራሳቸው ምስክሮቻችንን ቁርስ እያበሉ ይሸኙልናል፤ የወሎ ኩርፊያ ከበረካ አያልፍም።

ለጠበቃው በስማችን አዲስ ውክልና ሰጠነው፤ ክርክሩም ካቆመበት ቀጠለ። ገና አልተፈረደም።

ስለዚህ የእማማን የሞት የምስክር ወረቀት አውጥታችሁ፣ ወራሽነታችሁን አስወስናችሁ፣ ሳትዘገዩ መተካታችሁን አመልክቱ። የመዝገቡን ቁጥር ላኪልኝ፤ ማክሰኞ ለራሳችን ቀጠሮ ስሄድ ቀጣዩ ቀጠሯቸው መቼ እንደሆነ ጠይቄ እደውልልሻለሁ። ይህን ጊዜ ስልኩን መልሼ አላስቀምጠውም።

ያንቺው አብሮ አደግ
ደሴ