ለሰይዶ፣ ስለ ደላንታ አመዳይ

ሰይዶ ወንድሜ፣ እንዴት ከረምክ? እናትህስ፣ ልጆቹስ ደህና ናቸው? ሁለት ዓመት ሙሉ ድምፄን ማጥፋቴ ያስወቅሰኛል፤ ወቀሳውን ስንገናኝ ቡና ላይ ታደርገዋለህ። ከኮምቦልቻ ወደ ደላንታዋ ወገል ጤና መዛወርህንና መኪናህ ደጅ እንደሚያድር ሰማሁ። ኅዳር ሳይገባ ብዕር ያነሳሁት ለዚሁ ነው።

ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር አየሩ በ6 ዲግሪ ገደማ ይቀዘቅዛል፤ ደላንታ ደግሞ ኮምቦልቻን ከዚያም በላይ ይበልጣታል። ሰማዩ ጥርት፣ ነፋሱ ጸጥ ባለበት ሌሊት የመኪናው መስታወት ሙቀቱን ወደ ላይ ይለቅና ከአየሩ ይብስ ይቀዘቅዛል። አየሩ ገና 2 ወይም 3 ዲግሪ ላይ እያለ የፊት መስታወትህ አመዳይ ለብሶ ይጠብቅሃል። ደመና ባለበት ሌሊት ግን አብሽር፣ ተኛ።

ዋናው ሥራ የማታው ነው። መኪናውን አፍንጫውን ወደ ምሥራቅ አዙረህ አቁም፤ ጣሪያ ሥር ከተገኘማ ወርቅ ነው። መስታወቱን በደረቅ ሸራ ወይም በወፍራም ካርቶን ሸፍነህ የሸራውን ጫፎች በሁለቱ በሮች ቆልፍባቸው። እርጥብ ጨርቅ እንዳታለብሰው፤ ሲነጋ ከመስታወቱ ጋር ተጣብቆ ታገኘዋለህ። የዝናብ መጥረጊያውንም ማብሪያውን ዘግተህ እደር። የመጥረጊያው ጎማ በረዶ ይዞት ሳለ ቁልፉን ስታዞር ቢነሳ፣ ወይ ጎማው ይቀደዳል ወይ ፊውዙ ይቃጠላል።

ጠዋት ማንቆርቆሪያ ይዞ የሚመጣ ጎረቤት አይጠፋም። አመስግነህ ሻይ አፍላበት። የፈላ ውሃ የቀዘቀዘ መስታወትን በአንድ በኩል ብቻ ድንገት ስለሚለጥጠው፣ ኮረኮንች ላይ ጠጠር የመታት ጥቃቅን ነጥብ ካለች ስንጥቁ ከእሷ ተነስቶ ዳር ይደርሳል። የወረደው ውሃም መጥረጊያው ሥር ተመልሶ ይረጋል። ጨው ደግሞ በረዶውን ያቀልጣል፣ ቆርቆሮውን ግን ይበላዋል።

የሚሻለው ከፋርማሲ 70 በመቶ አልኮል ገዝተህ፣ ሁለት እጅ አልኮል በአንድ እጅ ውሃ በመርጫ ጠርሙስ መያዝ ነው። ከላይ ወደ ታች ርጭ፣ አንድ ሁለት ደቂቃ ጠብቅ፣ ከዚያ በፕላስቲክ ማስመሪያ ግፋው። ቢላዋ አይነካውም፤ አቧራ ካለበትም አትፈትግ፣ ይጭረዋል። ሲጋራ አጠገቡ አይለኮስ። አረቄም ይሠራል አሉ፤ ግን ትራፊክ ቢያስቆምህ ሽታውን ምን ብለህ ታስረዳለህ?

የመስታወት ማጠቢያው ጋን ውስጥ ንጹህ ውሃ ብቻ ካደረ ይረጋና ፓምፑን ይጎዳል፤ ከዚያው ድብልቅ ሙላበት።

የውስጡ ጉም ሌላ ነው፤ ከትንፋሽና ከረጠበ ምንጣፍ ይመጣል። ማሞቂያውን ወደ መስታወቱ አዙረህ አየሩን ከውጭ እንዲስብ አድርግ፤ ኤሲ ካለው አብረህ ክፈተው፣ እርጥበቱን ያደርቀዋል። የሞተሩ ሙቀት ጠቋሚ ካልተነሳ የሚመጣው ቀዝቃዛ አየር ነውና አትቸኩል። በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ግን ሞተር አታሞቅ፣ ጭሱ ይገድላል።

አንዲት ቀዳዳ ጠርገህ በእሷ እያየህ እንዳትወጣ። የ12 ሰዓት ተኩል ፀሐይ ፊት ለፊት ስትመጣ የቀረው አመዳይ ያብረቀርቅና መንገዱ ይጠፋሃል፤ በገበያ ቀን ደግሞ መንገዱ በአህያና በሰው የተሞላ ነው።

የመጥረጊያውን ጎማ በሴንቲሜትር ለክተህ ጻፍልኝ፤ የሾፌሩና የጎኑ ርዝመት ስለሚለያይ ሁለቱንም ለካ። ከደሴ ገዝቼ በሚመጣ ሰው እልክልሃለሁ።

ወንድምህ