ሁለተኛ ራውተር ለመጨመር ላሰባችሁ ደንበኞቻችን

ውድ ደንበኞቻችን፣

ሰሞኑን ደጋግማችሁ የምትጠይቁን ነገር አለ፦ «ዋይፋዩ ሳሎን ላይ ጥሩ ነው፤ ፎቅና ሰርቪስ ቤት ግን አይደርስም። ቤት የተቀመጠ አሮጌ ራውተር ነበረኝ፣ እሱን ብጨምረው ይሠራል?»

ይሠራል። የከፈላችሁበትን ፍጥነት ግን አይጨምርም፤ ሥራው ሲግናሉ ያልደረሰበት ቦታ ማድረስ ነው። የኮንክሪት ሶሌታ ሲግናል ክፉኛ ያዳክማል፣ በተለይ ከሁለቱ የዋይፋይ ሞገዶች (2.4 እና 5 ጊጋኸርዝ) የ5 ጊጋኸርዙን።

በቅርቡ አንድ ጂ+1 ቤት ተጠርተን ሄድን። ራውተሩን ገዝተው ራሳቸው ሰክተውታል። ሰርቪስ ቤት የምታጠናው ልጃቸው ስልኳን አሳየችን፤ ዋይፋዩ ሙሉ ነው፣ ከሥሩ ግን «ኢንተርኔት የለም» ይላል። የሳሎኑ ቴሌቪዥንም አንዴ ይሠራል፣ አንዴ እምቢ ይላል። የስልኩን አድራሻ (ራውተር ለእያንዳንዱ ዕቃ የሚሰጠውን መለያ ቁጥር) ስናየው በ192.168.0 ይጀምራል፤ ዋናው ራውተር ደግሞ 192.168.1.1 ነው። ነገሩ ወዲያው ገባን፦ ሁለቱም ራውተሮች አድራሻ ያድሉ ነበር። ይህን የማደል ሥራ ዲኤችሲፒ ይሉታል። ስልኩ አድራሻውን ከሁለተኛው ከወሰደ ወደ ኢንተርኔት የሚወጣው በእሱ በኩል ይመስለዋል፤ እሱ ደግሞ መውጫ የለውም። በአንድ ቤት አድራሻ የሚያድለው ዋናው ራውተር ብቻ ይሁን። የምንጠራባቸው ብዙዎቹ ብልሽቶች መነሻቸው ይኸው ነው።

ስለዚህ ሁለተኛውን ከዋናው ጋር ሳታገናኙ በፊት ለብቻው አስተካክሉት። አሮጌ ከሆነ ሪሴት ቀዳዳውን በመርፌ 10 ሰከንድ ያህል ተጫኑት። ዋናውን ግን አደራ፣ ሪሴት እንዳታደርጉት! ለመስመራችሁ የተሞላው ዩዘርኔምና ፓስወርድ አብሮ ሊጠፋ ይችላል። ቀጥሎ ላፕቶፕ ከሁለተኛው ጋር አገናኙና ከሥሩ የተለጠፈውን አድራሻ ብሮውዘር ላይ ጻፉ። የዋናው አድራሻ 192.168.1.1 ከሆነ የሁለተኛውን 192.168.1.2 አድርጉት። ዋናው 192.168.100.1 የሆነባችሁም አላችሁ፤ እናንተ 192.168.100.2 በሉት። ሴቭ ስታደርጉ ገጹ ይቋረጣል፣ አትደንግጡ፤ በአዲሱ አድራሻ ተመልሳችሁ ግቡና ዲኤችሲፒውን አጥፉ። የዋይፋዩን ስምና ፓስወርድ ከዋናው ጋር አንድ ካደረጋችሁት ስልካችሁ ከክፍል ክፍል ስትዘዋወሩ ፓስወርድ አይጠይቃችሁም። የ2.4 ጊጋኸርዙን ቻናል (ሲግናሉ የሚሄድበትን መስመር) ግን ለያዩት፤ አንዱ 1 ላይ ከሆነ ሌላው 6 ወይም 11 ይሁን።

አሁን ገመዱ። ከዋናው ላን ቀዳዳ (የቤት ዕቃዎች በገመድ የሚገናኙበት) ተነስቶ ሁለተኛው ላይም ላን ውስጥ ይግባ። ዋን የሚለው፣ ኢንተርኔት ከውጭ የሚገባበት፣ ብዙ ጊዜ ቀለሙ የተለየው ቀዳዳ፣ ባዶ ይቅር። ሁለተኛው ራውተራችሁ «አክሰስ ፖይንት» (አድራሻ ሳያድል ዋይፋይ ብቻ የሚያሠራጭበት) የሚል ምርጫ ካለው ግን ይህ ሁሉ አያስፈልግም፤ እሱን ምረጡና መመሪያው እንደሚለው ሰኩ።

ኬብሉ ላይ አትቆጥቡ። ካት 5ኢ ወይም ካት 6 ይበቃል፤ ርዝመቱ ከ100 ሜትር እንዳይበልጥ። በግቢ የሚያልፍ ከሆነ ኮንዱይት (የኬብል ቱቦ) ውስጥ አስገቡት፤ የውስጥ ኬብል ፀሐይ ላይ ከዋለ ላስቲኩ ይሰነጣጠቃል፣ ክረምት ሲገባ ደግሞ ውኃ ያስገባል። ያለ ገመድ ሲግናል ተቀብሎ የሚያስተላልፈው ሪፒተር ቀላል ቢሆንም ፍጥነቱን ብዙ ጊዜ በግማሽ ያህል ስለሚቀንሰው፣ ኬብል መሳብ ለሚቻልበት ቤት አንመክረውም።

ሞክራችሁ ካልሆነላችሁ ሁለተኛውን ነቅላችሁ ደውሉልን፤ ቤተሰቡ በዋናው እየተጠቀመ ይቆያል። ከመደወላችሁ በፊት የሁለቱንም ራውተሮች የሥር ጽሑፍ በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። ብዙውን ችግር በዚያው በስልክ እንፈታዋለን፣ ለጉዞም አናስከፍላችሁም።

ከአክብሮት ጋር፣
የኔትወርክ ዝርጋታ ባለሙያዎቻችሁ