ስኮላርሺፑ እስከ መቼ ነው?

ለጋዜጣው አዘጋጅ፦

በቅርቡ ባወጣችሁት «እንኳን ደስ ያላችሁ» ገጽ ላይ ወደ ሕግ ትምህርት ቤት የሚገቡ የማኅበረሰባችንን ልጆች ፎቶ አይቼ በጣም ደስ ብሎኛል። ከአንዳንዶቹ ፎቶ ሥር «በከፍተኛ ስኮላርሺፕ» የሚል ሰፍሯል። የማንንም ደስታ ማደፍረስ አልፈልግም። ነገር ግን እኔ እዚህ ቨርጂኒያ ውስጥ የሰው ታክስ እየሠራሁ የምኖር ሰው ነኝና፣ የገንዘብ ደብዳቤ ሲሰጡኝ ዓይኔ ከቁጥሩ ቀድሞ የሚሮጠው ከቁጥሩ በታች ወደተጻፈው ነው።

በአሜሪካ ብዙ የሕግ ትምህርት ቤቶች የሚሰጡት ስኮላርሺፕ በሁኔታ የታሰረ ነው። ተማሪው ይህን ያህል ጂፒኤ ካልያዘ ወይም ከክፍሉ ይህን ያህል ደረጃ ላይ ካልተገኘ ገንዘቡ ይቀነሳል፣ ወይም ጭራሹን ይቀራል። በኮሌጅ 3.7 ይዛ የጨረሰች ልጅ «3.2 ጠብቂ» ስትባል ትስቃለች። የሕግ ትምህርት ቤት የመጀመሪያ ዓመት ግሬድ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው በከርቭ ነው። የክፍሉ አማካይ የት ላይ እንደሚያርፍ ተማሪዎቹ ፈተና ሳይቀመጡ ተወስኗል፤ መምህሩ ሁሉም ጎበዝ ቢሆኑበት እንኳ ለሁሉም ኤ መስጠት አይችልም። አማካዩ 3.0 ሆኖ ስኮላርሺፑ 3.2 ከጠየቀ፣ ልጅቷ የግድ ከጓደኞቿ መብለጥ አለባት ማለት ነው፤ ጓደኞቿም እንደ እሷው በኤልሳት (በሕግ ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና) እና በኮሌጅ ውጤታቸው ተመርጠው የገቡ ናቸው። «ከክፍሉ የላይኛው አንድ ሦስተኛ» የሚል ከሆነ ደግሞ ከሦስት ተማሪ ሁለቱ ከደጅ እንደሚቀሩ ለማወቅ የሒሳብ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም።

የወንድሜ ልጅ የገጠመው ይኸው ነው። በዓመት 30,000 ዶላር ተሰጠው፣ ተደገሰ፣ እኔም ከድግሱ በልቻለሁ። ሁኔታው የተጻፈው በደብዳቤው ሦስተኛ ገጽ ላይ፣ ስለ ጤና መድን ከሚያወራው አንቀጽ ቀጥሎ ነበር። ልጁ አልወደቀም፤ ከክፍሉ መሀል ላይ ጨረሰ። በክረምቱ ግን ስኮላርሺፑ እንደማይታደስ የሚገልጽ ኢሜይል ደረሰው፤ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ዓመት በብድር ተማረ። ልዛወር ቢልስ? ከመሀል ክፍል የወጣን ተማሪ በደስታ የሚቀበል የተሻለ ትምህርት ቤት ማግኘት ከባድ ነው፤ ቢያገኝም ለተዛዋሪ ስኮላርሺፕ የሚሰጡት ጥቂቶች ናቸው። በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ ማለት ለዚህ ጊዜ ነው። ብቻ በዚህኛው ገደሉን ከሣሩ ሥር የሸፈነው ሣሩን ያበቀለው ራሱ ነው።

ደግነቱ ገደሉን የሚያሳይ ወረቀት አለ። የአሜሪካ ጠበቆች ማኅበር እውቅና የሰጠው የሕግ ትምህርት ቤት ሁሉ «ስታንዳርድ 509» የሚባለውን መግለጫ በየዓመቱ በዲሴምበር አጋማሽ በድረ ገጹ ላይ ማውጣት ግዴታው ነው። እዚያ ውስጥ ስንት ተማሪ ሁኔታ ያለበት ስኮላርሺፕ ይዞ እንደገባና ከነዚያ ውስጥ የስንቱ እንደተቀነሰ ወይም እንደተሰረዘ የሚያሳይ ሠንጠረዥ አለ። ሁለቱን ቁጥር ማካፈል ብቻ ነው። አንዳንድ ትምህርት ቤት ይህን ዓይነት ሁኔታ ጭራሽ አያስቀምጥም፤ ያም እዚያው ይታያል።

ልጄ ባለፈው የጸደይ ወቅት ሁለት ደብዳቤ ይዛ መጣች። አንደኛው ትምህርት ቤት በዓመት 35,000 ዶላር፣ ሁኔታው 3.2። ሁለተኛው 25,000፣ ሁኔታው በመልካም የትምህርት ደረጃ ላይ መቆየት ብቻ፤ ማለትም ከትምህርት ቤቱ አለመባረር። እናቷ ያለ ምንም ጥርጥር የመጀመሪያውን መረጠች። እኔ ወረቀት አወጣሁ። የመጀመሪያው በሦስት ዓመት 105,000 ነው፤ ከአንደኛው ዓመት በኋላ ከተቋረጠ ግን 35,000 ብቻ ነው። ሁለተኛው 75,000 ነው፤ የሚቋረጥበት ምክንያት የለም ማለት ይቻላል።

ከዚያ ወደ ድርድሩ ገባን። ገባን ስል ልጄ ገባች፤ የኔ ድርሻ መቃወም ነበር። «ገንዘብ ለሰጠህ ሰው ጨምርልኝ ይባላል እንዴ?» ብዬ ረጅም ምስጋና እንድታስገባ ጠየቅኋት። «አባዬ፣ ይሄ የምስጋና ደብዳቤ አይደለም» አለችና ከምስጋናው አንድ መስመር ብቻ አስቀረች። ለመጀመሪያው ትምህርት ቤት የላከችው ኢሜይል አጭር ነበር፦ እዚያ መማር እንደምትፈልግ፣ የሌላው ትምህርት ቤት ሁኔታ የተሻለ እንደሆነና ደብዳቤውንም ማያያዟን፣ የ3.2ው ሁኔታ ወደ መልካም የትምህርት ደረጃ እንዲቀየርላት፣ መልሱንም የቦታ ማስያዣው ዲፖዚት ከሚከፈልበት ቀን በፊት እንደምትጠብቅ። ልብ በሉ፣ ገንዘብ ይጨመርልኝ አላለችም። ሁኔታው ይነሳልኝ ነው ያለችው።

የመጀመሪያው ትምህርት ቤት ሁኔታውን አላነሳም፤ ወደ «ክፍሉ የላይኛው ግማሽ» ዝቅ አደረገላት። ለሁለተኛውም የመጀመሪያውን ደብዳቤ አሳይታ ስትጠይቅ ወደ 29,000 ከፍ አለ፤ 87,000 ማለት ነው። እሱን መረጠች። በስልክ ያነጋገረቻት የፋይናንሻል ኤይድ ሠራተኛ በጥያቄዋ አልተቀየመችም፤ እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ዕለት ተዕለት እንደሚመጣላት ያስታውቅ ነበር። አንዳንድ ትምህርት ቤት እንዲያውም ለዚሁ ተብሎ የተዘጋጀ ቅጽ አለው። እኛን የሚይዘን ይሉኝታችን ነው፤ ትምህርት ቤቶቹ ግን ስኮላርሺፑን የሚሰጡት የልጆቻችን የኤልሳት ውጤት በደረጃ ሰንጠረዥ ላይ ስለሚጠቅማቸው ጭምር ነው። ውለታ ብቻ አይደለም፣ ንግድም አለበት።

የሚደራደር ሰው ግን ጊዜውን ይወቅ። በቅድሚያ ውሳኔ፣ ማለትም «ከተቀበላችሁኝ ሌላ አልሄድም» ብሎ ፈርሞ ያመለከተ፣ ይዞት የሚከራከርበት ነገር የለውም። ከዚያ ውጪ የሕግ ትምህርት ቤቶች የመግቢያ ምክር ቤት ያወጣው የመልካም አሠራር መመሪያ፣ ከአፕሪል 1 በፊት ማንም እንዲወስን መገደድ እንደሌለበት ይናገራል። በቃል የተሰጠ ተስፋ በኢሜይል ይረጋገጥ። ስኮላርሺፑ የተወሰነ ዶላር ነው ወይስ የክፍያው መቶኛ? ክፍያው በየዓመቱ ስለሚጨምር ልዩነቱ ትንሽ አይደለም። እንደ ሃርቫርድ፣ የልና ስታንፎርድ ያሉት ደግሞ የሚረዱት በቤተሰብ አቅም እንጂ በውጤት ስላልሆነ ድርድሩ ሌላ መልክ አለው።

ነገሩ አሁን ከበፊቱ የከበደበት ምክንያትም አለ። በ2025 የወጣው የፌዴራል ሕግ «ግራድ ፕላስ» የሚባለውን የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች የመንግሥት ብድር ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ለአዲስ ተበዳሪዎች አስቀርቷል። የሕግ ተማሪ ከፌዴራል መንግሥት መበደር የሚችለው በዓመት እስከ 50,000፣ በጠቅላላው እስከ 200,000 ዶላር ነው። በዓመት ከ60,000 ዶላር በላይ ለትምህርት ብቻ የሚያስከፍሉ የግል የሕግ ትምህርት ቤቶች ብዙ ናቸው፤ ኪራዩና ምግቡ ገና አልተነካም። ስኮላርሺፑ መሀል መንገድ ላይ የተቋረጠበት ልጅ ድሮ ሙሉውን ከመንግሥት ይበደር ነበር። ከእንግዲህ ቀሪውን ከግል ባንክ ነው የሚለምነው፤ ባንኩ ደግሞ ብዙ ጊዜ አብሮ የሚፈርም ዋስ ይፈልጋል፤ ፈራሚው ታክሲ ነጂው አባት ወይም አረጋውያን ስትንከባከብ የምታድረው እናት ናት።

ስለዚህ አዘጋጁን አንድ ነገር እጠይቃለሁ። የደስታውን ገጽ አታንሱ፤ ግን በየዓመቱ በማርች ወር፣ ደብዳቤዎቹ በየቤቱ በሚገቡበት ሰሞን፣ ግማሽ ገጽ ለዚህ ጉዳይ ስጡ። ከአንባቢዎቻችሁ መካከል ጠበቆች እንዳሉ አውቃለሁ፤ ጽፉ ብትሏቸው እምቢ የሚሉ አይመስለኝም። የታክሱን ነገር እኔ እጽፋለሁ፤ ከትምህርት ክፍያ አልፎ ለኪራይና ለምግብ የሚውል ስኮላርሺፕ ታክስ እንዳለበት የሚያውቅ ወላጅ እስካሁን ቢሮዬ ገብቶ አያውቅም።

አክባሪያችሁ፣
የታክስ ሠራተኛና የአንዲት የሕግ ተማሪ አባት
ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ