የቦክሰኛን ታሪክ ከነደንቡ ጻፉልን

ይድረስ ለስፖርት ዝግጅት ክፍሉ፣

የአማተር ቦክሰኛ ታሪክ ሲጻፍ ሜዳሊያ መቁጠር ብቻ አይበቃም። በኦሎምፒክ ሦስት ወርቅ ያገኙት ቦክሰኞች የሃንጋሪው ላዝሎ ፓፕ፣ የኩባዎቹ ቴዎፊሎ ስቴቨንሰንና ፌሊክስ ሳቮን ናቸው። ሁለቱ ኩባውያን ግን የተዳኙበት ደንብ ለየቅል ነው።

ስቴቨንሰን በ1972፣ በ1976 እና በ1980 (እ.ኤ.አ.) ሲያሸንፍ ዳኞች ነጥቡን በወረቀት ይሞሉ ነበር። ሳቮን ባርሴሎና 1992 ሲደርስ ዳኞች ቁልፍ በመጫን ነጥብ የሚመዘግቡበት ማሽን ገብቷል። ሴኡል 1988 ላይ አሜሪካዊው ቦክሰኛ ሮይ ጆንስ ጁኒየር በግልጽ በልጦ ሳለ 3 ለ 2 ተሸንፏል መባሉ ለውጡን አፋጥኖታል። በአዲሱ አሠራር ከአምስት ዳኞች ቢያንስ ሦስቱ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ቁልፉን ካልተጫኑ ቡጢው አይቆጠርም ነበር። ጣጣው የመጣው ከዚህ ነው፤ ጎን ላይ የሚያርፍን አጭር ቡጢ በአንድ በኩል የተቀመጠ ዳኛ ሲያየው ሌላው በጀርባ ይከለልበት ነበር። አከታትሎ ከተሰነዘረ አራት ቡጢም አንዱ ብቻ ሊመዘገብ ይችል ነበር። ስለዚህ ከርቀት ፊት ላይ የሚያርፍ ቀጥተኛ ቡጢ ዋጋው ጨመረ፤ ይህም ለክንደ ረጅሙ ሳቮን ተስማማው።

ኩባ እንደ ኢትዮጵያ ሁሉ በ1984 እና በ1988 ኦሎምፒክ አልተካፈለችም። ስቴቨንሰን በ1986 በአሜሪካዋ ከተማ ሬኖ የዓለም ሻምፒዮን መሆኑን ላየ፣ አራተኛ ወርቅ የመሞከር ዕድሉን መነፈጉ ያንገበግባል።

ዛሬ ያ የቁልፍ አሠራር ቀርቶ፣ እያንዳንዱ ዳኛ ለዙሩ አሸናፊ 10፣ ለተሸናፊው አብዛኛውን ጊዜ 9 ይሰጣል። እባካችሁ፣ የልጆቻችንን ውጤት ስትዘግቡ «በነጥብ ተሸነፈ» ብላችሁ አትለፉት፤ የየዙሩን ነጥብ አትሙልን።