እማዬ፣ ድንኳኑ ይቅር

እማዬ፣ እንዴት ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ልጄም ደህና ናት፤ ጥርስ እያወጣች ነው፣ ያገኘችውን ሁሉ ትነክሳለች።

ይሄን ነገር በስልክ ልልሽ ሞክሬ ነበር። አንቺ ግን በስልክ አትቻዪም። "እሺ የኔ እናት፣ እሺ" ትይኝና ስልኩ ሲዘጋ የፈለግሽውን ታደርጊያለሽ። ስለዚህ ጻፍኩት። የምታነብልሽ የወንድሜ ልጅ ስለሆነች ለእሷም አንድ ቃል አለኝ፤ አንቺ ልጅ፣ አያትሽ "ይቺን እለፊያት" ብትልሽ እንዳትሰሚያት። እስከ መጨረሻው አንብቢላት። ድምፅሽንም ከፍ አድርጊ።

ወንድሜ ሁሉንም ነግሮኛል። ለአባዬ ሙት ዓመት ድንኳን ሊጣል፣ በሬ ሊታረድ፣ ጠላ ሊጠመቅ ነው። መቃብሩ ላይ የእምነ በረድ ሐውልት ሊቆም፣ ፎቶው ሊደረግበት፣ እሱም በዚያው ቀን ሊመረቅ ነው። ገንዘቡ ከፊሉ ከእኔ፣ ከፊሉ ተራሽ ካልደረሰ እቁብ በልመና፣ የቀረው በብድር። ይሄን ሁሉ ሲዘረዝርልኝ ዝም ብዬ ሰማሁት። የዓይንሽ ሞራ የሚወጣበት ቀጠሮ "ከሙት ዓመቱ በኋላ ይሁን" ተብሎ መተላለፉን ሲነግረኝ ግን አላስቻለኝም።

ለምን? አልኩት።

"አርባው ቀዝቃዛ ነበር ተብሎ ታምተናል እኮ" አለኝ።

በቃ? ለዚህ ነው?

የተባለውንም ሰምቻለሁ። "ሰውዬው ሳይዘከሩ ቀሩ" ነው አይደል ያሉት? አባዬ መቼ ሳይዘከር ቀረ? በሣልስቱም በሰባቱም፣ በ12ም በ30ም፣ በ40ም በ80ም ካህናቱ ጸልየውለታል፣ ተቀድሶለታል፣ ስሙ ተነስቷል። አንቺ አንዱም ቀን አላመለጠሽም። ዳቦና ንፍሮ አስይዘሽ በደጀ ሰላሙ ለተቀመጡት ነዳያን አድርሰሻል። የቀረው ድንኳኑ ነው። የቀረው ወጡ፣ ጠላውና "በደንብ ተደገሰ" ብሎ የሚመሰክር ሰው ነው።

እኔ ተዝካር አልቃወምም፤ ይሄን በደንብ ስሚኝ። እዚህ አንዳንድ ጓደኞቼ "የሞተ ሞቷል፣ ተዝካር ምን ያደርጋል" ሲሉ የምከራከራቸው እኔ ነኝ። ሦስተኛው ቀን የጌታን ትንሣኤ፣ አርባው ዕርገቱን እንደሚያስብ፣ እስራኤልም ለሙሴ 30 ቀን እንዳለቀሱለት የተማርኩት ቤተ ክርስቲያን ከአንቺ ጎን ቆሜ ነው። ዮሐንስ አፈወርቅም ለሞቱት የሚጠቅማቸው ልቅሷችን ሳይሆን ጸሎታችንና ምጽዋታችን እንደሆነ አስተምሯል። ጸሎትና ምጽዋት። በሬ አላለም፣ ድንኳንም አላለም።

አንቺ ደግሞ ጦቢትን እንደምትጠቅሺብኝ አውቃለሁ፤ ምዕራፍ 4 ላይ እንጀራህን በጻድቃን መቃብር ላይ የሚለውን። ልክ ነሽ፣ አለ። ግን እዚያው ምዕራፍ ላይ፣ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ጦቢት ልጁን ምን እንዳለው ይነበብልሽ። ብዙ ካለህ እንደ ብዛቱ ስጥ፣ ጥቂት ካለህ ደግሞ ከጥቂቱ ለመስጠት አትፍራ ነው ያለው። አትፍራ! ተበደርና ስጥ አላለውም። ጥቂት መስጠት እንደሚያስፈራ ጦቢትም ያውቅ ነበር ማለት ነው፤ ሰው እንደሚያይ፣ እንደሚመዝን።

ጦቢትን ካነሳን አይቀር፣ እሱ ራሱ ዓይኑ ላይ ነጭ ነገር ወጥቶበት የታወረ ሰው ነበር። ጳጉሜን 3 በሩፋኤል ይሄን ታሪክ ስንቴ ነግረሽኛል! ልጁ ከሩቅ አገር መድኃኒት ይዞ መጣ፣ ዓይኑን ቀባው፣ ነጩ ተገፎ ወደቀ። ጦቢት "ቆይ፣ መጀመሪያ ድግሴን ልደግስ" አላለም። እኔም መልአክ ባይሆን ገንዘብ ልኬልሽ ነበር፤ ለዓይንሽ ብዬ። በአገራችን ብዙ ሰው የሚታወረው በሞራ ነው፤ ያውም ቀዶ ጥገናው አጭር ሆኖ ሳለ፣ ዛሬ ነገ እየተባለ። አንቺ ዳዊትሽን ራስሽ ማንበብ ትተሽ ሰው ታስነብቢያለሽ፣ ደረጃ ስትወርጂ ግድግዳ ትዳብሻለሽ፣ ገንዘቡ ግን ለበሬ ይሄዳል። እስቲ ይሄ ምን ይባላል?

አባዬን ደግሞ ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ። ለሕንፃ ቤተ ክርስቲያኑ ገንዘብ ሲሰበሰብ፣ በድምፅ ማጉያ "አቶ እገሌ፣ ይህን ያህል ሺህ ብር!" እየተባለ እልል ሲባል፣ እሱ የሚያስመዘግበው በክርስትና ስሙ ነበር። የክርስትና ስሙን ደግሞ ከእኛ በቀር ሰፈር ውስጥ የሚያውቅ የለም። ስሙ ሲጠራ ሰዉ ዙሪያውን እየዞረ "ማነው? የት ነው?" ይላል፣ እሱ ከኋላ ቆሞ አብሮ ያጨበጭባል። አንቺ ቤት እስክትገቢ አትታገሺም ነበር። "እነሱ ይመሰገናሉ፣ እኛ ያልሰጠን እንመስላለን" ስትይው ብዙውን ጊዜ ስቆ ያልፍሽ ነበር። አንድ ቀን ግን መለሰልሽ፤ እኔም እዚያው ነበርኩ። "የሰጠሁት እሱ ስሜን ያውቀዋል" አለሽ። ከዚያ ወዲያ አላነሳሽበትም።

እና አሁን እንዲህ ያለ ሰው መቃብር ላይ ፎቶ አድርገን፣ እንግዳ ጠርተን፣ ሪባን ልንቆርጥ ነው? ቢሰማ ምን እንደሚል አንቺው ንገሪኝ። መቃብሩ ላይ መስቀልና ስሙ አለ። ይበቃዋል። ከፈለግሽ የክርስትና ስሙን እናስጨምርበት፤ አሁን እንኳ ሰዉ ቢያውቀው አይቆጣንም።

"ሰው ምን ይላል" ባሕርም ይሻገራል እማዬ። እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ክርስትና ማለት አዳራሽ፣ ዲኮር፣ ዲጄ፣ ቪዲዮ፣ እስከ ጣሪያ የሚደርስ ኬክ ሆኗል። ባልና ሚስት ትርፍ ሰዓት እየሠሩ የክሬዲት ካርድ ዕዳ የሚከፍሉለት ክርስትና አይቻለሁ። ልጄ 80 ቀን ሲሞላት እኔና ባለቤቴ፣ ክርስትና እናቷና ጥቂት ሰዎች ሆነን ሄድን። ተጠመቀች፣ ቆረበች፣ ቤት ገብተን ምሳ በላን፣ ቡና ተፈላ፣ አለቀ። ያልተጠሩት አኮረፉ። "ከባሏ ጋር ሰላም የላቸውም መሰለኝ" ያለችም አለች። ሥራ ጨርሼ ስመጣ እንዲህ ያለ ወሬ በቴሌግራም ሲደርሰኝ ደስ ይለኛል ብዬ አልዋሽሽም፤ ያናድዳል። ሐሜቱ ግን ትንሽ ቆየና ሌላ ሰው አገኘ፣ ወደዚያ ሄደ። ልጄ ግን ተጠምቃለች፤ እሱን የሚያነሳው የለም።

ደግሞ ይሄን ከሌላ ሰው የተማርኩት እንዳይመስልሽ። እኔ ልጅ ሆኜ ከጓሯችን ተከራይታ የነበረችውን ልጅ ታስታውሻታለሽ? በዚያ በሽታ የታመመችውን? የኤች አይ ቪ መድኃኒት በነጻ መሰጠት የጀመረው በ1997 ነው፤ እሷ የታመመችው ከዚያ በፊት ነበር። ዘመድ ሸሻት። በሯ ላይ ላለማለፍ ሰው በታች በኩል ዞሮ ይሄድ ነበር። አንቺ ግን ገላዋን አጠብሻት፣ አጥሚት አሠርተሽ አጠጣሻት፣ ደግፈሽ ጸበል ወሰድሻት። ከዚያ ጎረቤቶቻችን ቡናሽን መጠጣት አቆሙ፤ ሲኒሽን ፈሩ። ረከቦቱ ላይ ሲኒ ተደርድሮ፣ ጭሱ ግቢውን ሞልቶ፣ "ቡና ጠጡ" ተብለው የሚመጡት ሁሉ አንድ ምክንያት ነበራቸው። አንዷ ልጅ አሞባት፣ አንዷ ጨጓራዋ ተነስቶ። አንቺ ማፍላቱን አልተውሽም። ለእሷ ቀዳሽላት፣ ለራስሽ ቀዳሽ፣ ሁለታችሁ ጠጣችሁ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ፣ አንዱም ሳይቀር። "እማዬ፣ ሰው ጠላን" ስልሽ "ይጥላን፤ እኔ የምጠየቀው ስለሷ ነው" አልሽኝ። እኔ ሃይማኖት ሲባል መጀመሪያ የሚመጣብኝ ያ ነው፤ ስብከት አይደለም።

ያቺ ሴት ናት ዛሬ "አርባው ቀዘቀዘ" በሚል ወሬ እንቅልፍ ያጣችው? አላምንም። እና ስቆዝም ሰንብቼ ሌላ ነገር ጠረጠርኩ።

አርባው የቀዘቀዘው አንቺ ስለሰሰትሽ አይደለም። ሰው ስላልነበረ ነው። የፒያሳው ሰፈራችን ዶሮ ማነቂያ በ2016 ሲፈርስ ጎረቤቱ ሁሉ ተበተነ፤ እናንተ ገላን ጉራ፣ ገሚሱ አራብሳ፣ ገሚሱ የት እንደገባ እንኳ አይታወቅም። ፒያሳ ቢሆን እኮ ጥሩንባ ሳይነፋ ግቢው ይሞላ ነበር፤ ሴቶቹ ሳይጠሩ ሽንኩርት ይዘው ይገቡ ነበር። አሁን ከአራብሳ ገላን ጉራ ለመምጣት ስንት ታክሲ ነው? ማን ነው በዚያ ዕድሜ የሚችለው? አባዬን ያወቁት፣ አብረውት ያረጁት ሳይመጡ፣ አዲሶቹ ጎረቤቶች በይሉኝታ ብቅ ብለው ሄዱ። ያመመሽ ይሄ አይደል? ድንኳኑ ትልቅ ከሆነ፣ በሬው ከታረደ፣ ያ ሁሉ ሰው ተመልሶ የሚመጣ መሰለሽ መሰለኝ።

ይሄ ከሆነ ንገሪኝ። ሰው መናፈቅ ሌላ ነው፤ ሰው እንዲያወድስሽ መፈለግ ሌላ ነው። ለመጀመሪያው እኔ የመጨረሻ ሳንቲሜን እሰጣለሁ። የድሮዎቹን እናቶች ስም ለልጅቷ አስጽፊያት። ሚኒባስ በኮንትራት ይያዝና ከየሰፈራቸው ይሰብስባቸው፣ ሲመሽ ይመልሳቸው። ዳቦ ይደፋ፣ ሽሮም ይሁን ምስርም፣ የተገኘው ይሠራ፣ ቡና ይፈላ፣ ስለ አባዬ ይወራ። በምድር ላይ የሚያውቁት እነሱ ናቸው እኮ።

"የሰው በልቼ ሳላበላ ልቀር ነው?" እንደምትዪ አውቃለሁ። ልክ ነው፣ በልተናል። አባዬ ሲሞት እድሩ ድስቱንም ወንበሩንም ሰውንም ይዞ ደርሶልናል፤ መሬት ላይ ያደሩ ነበሩ። ይሄን አልረሳም። ግን ያንን የምትመልሺው እነሱ ሲያዝኑ ደርሰሽ ነው፤ ስትደርሺም ኖረሻል። ጌታ በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 14 ግብዣ ስታደርጉ ብድራት የሚመልሱላችሁን ሳይሆን ድሆችን፣ ጉንድሾችን፣ አንካሶችን፣ ዕውሮችን ጥሩ ሲል፣ ሰው ድግስን እንደ ብድር እንደሚቆጥረው አውቆ ነው። እንዲህ ከተባለ ደግሞ የሚጠሩት ሰዎች በየደጀ ሰላሙ አሉ፤ ድንኳን ውስጥ አይደሉም።

ስለ ገንዘቡም ግልጽ ልሁን። ብሩ በሐምሌ 2016 ከተንሳፈፈ ወዲህ፣ አንዱ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ ከ100 በላይ ሲሄድ፣ ሰዉ እኛ ውጭ ያለነው በአንድ ሌሊት የበለጸግን መሰለው። ዘይቱና ሥጋው የት እንደደረሰ አንቺ ከገበያ ታውቂዋለሽ፤ የእኔ ደሞዝ ደግሞ እዚህ ያው ነው። አልልክም ማለቴ አይደለም። የምልከው ግን ለዓይንሽ፣ ለቅዳሴው፣ ለነዳያኑና ለሚኒባሱ ነው። ለአራጣ አበዳሪ የሚሆን የለኝም። ወንድሜም ዋስ እንዳይሆን ነግሬዋለሁ፤ ከተቆጣሽ እኔን ተቆጪ።

ያቺ "ቀዝቃዛ ነበር" ያለች ሴትዮ አሁንም ማውራቷ አይቀርም። ድንኳን ብትጥዪ "በብድር ነው" ትላለች፣ ባትጥዪ "ልጇ አሜሪካ እያለች" ትላለች። እሷንም ለቡናው ጥሪያት፤ ምናልባት የሚጠራት ጠፍቶ ይሆናል።

እንግዲህ ሰኞ ወንድሜ ሆስፒታል ይዞሽ ይሂድና ቀጠሮውን ወደ ፊት ያምጡልሽ። ሙት ዓመቱ ጥቅምት ስለሆነ እስከዚያ ዓይንሽ ይደርሳል፣ አባዬ የተቀበረበትን ራስሽ አይተሽ ትሳለሚያለሽ። የንስሐ አባትሽንም ለቅዳሴው ከአሁኑ ተነጋገሪያቸው። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ እደውላለሁ፣ በቪዲዮ ይሁን፤ ልጄንም ታያታለሽ። ቀጠሮው ለመቼ እንደሆነ ያኔ ትነግሪኛለሽ።

ልጅሽ