ግልጽ ደብዳቤ ለኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የሬጀንቶች (የአስተዳዳሪዎች) ቦርድ፦ ከተሸናፊው የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን ስለተሰናበቱት ተማሪዎች

ኦሮራ፣ ግንቦት 2015 ዓ.ም.

የተከበራችሁ የቦርድ አባላት፣

በዚህ ቦርድ የተቀመጣችሁት በሕዝብ ድምፅ ስለሆነ፣ በኦሮራ ከሚኖሩት በርካታ ኢትዮጵያውያን መራጮች አንዱ እንደመሆኔ ይህን ደብዳቤ በቀጥታ ለእናንተ ጽፌአለሁ። እኔ በእግር ኳስ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ሞላላዋን ኳስ ለመልመድም ዓመታት ወስዶብኛል። ያም ሆኖ በቦልደር ከተማ ያለውን የዩኒቨርሲቲያችሁን የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን የ2022 (እ.ኤ.አ.) የውድድር ዘመን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ አንዳንዴም ፊቴን እያዞርኩ፣ ተከታትያለሁ።

ቡድኑ 12 ጊዜ ተጫውቶ 11 ጊዜ ተሸነፈ። ያስቆጠረው በጠቅላላው 185 ነጥብ ሲሆን የተቆጠረበት 534 ነው፤ በመጨረሻው ጨዋታ የዩታ ዩኒቨርሲቲ ብቻውን 63 አስቆጥሮበታል። ብቸኛው ድል የተገኘው ኦክቶበር 15 ቀን፣ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲን በተጨማሪ ሰዓት 20 ለ 13 በረታበት ዕለት ነበር። የማሸነፊያዋን ኳስ የያዘው ሞንታና ሌሞኒየስ-ክሬግ ሲሆን፣ ተመልካቹም ዋንጫ የበላ ይመስል ሜዳውን ወርሮ ሞላው።

ለዚህ ውጤት ተማሪዎቹን ብቻ መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ነው። የቀድሞው አሰልጣኝ ሜል ታከር አንድ የውድድር ዘመን ብቻ አሰልጥነው በፌብሩዋሪ 2020 ወደ ሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሲሄዱ፣ እርሳቸውን የተኩት ካርል ዶረል ሥራ የጀመሩት የዓመቱ ምልመላ ካለቀ በኋላ ነበር። ከ2021 ውድድር በኋላ ደግሞ ብርቱ ተጫዋቾች ወደ ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ተዛወሩ፤ ከእነዚህ አንዱ የሆነውን ክርስቲያን ጎንዛሌዝን ባለፈው ወር የፕሮፌሽናል ክለቡ ኒው ኢንግላንድ ፓትሪየትስ በዓመታዊው የአዲስ ተጫዋቾች ምርጫ በመጀመሪያው ዙር መርጦታል። እንግዲህ ያንን 534 ነጥብ የተሸከሙት ሳይሄዱ የቀሩት ናቸው። ዶረል ከአምስት ተከታታይ ሽንፈቶች በኋላ ሲሰናበቱ 8.7 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንደሚከፈላቸው ተዘግቧል። ውል ውል ነውና በዚህ አልሟገትም።

የምሟገተው ውል በእጃቸው ስለሌላቸው ተማሪዎች ነው። አዲሱ አሰልጣኝ ዲዮን ሳንደርስ በዲሴምበር ሲመጡ፣ በቪዲዮ ሁላችንም እንዳየነው፣ ገና በመጀመሪያው ስብሰባ ተጫዋቾቹ ወደ ዝውውር ፖርታሉ (ወደ ሌላ ዩኒቨርሲቲ መዛወር የሚፈልጉ ተጫዋቾች ወደሚመዘገቡበት መዝገብ) እንዲገቡ ነገሯቸው፤ ከዚያም ወዲህ በደርዘን የሚቆጠሩ ወጥተዋል። ኤፕሪል 22 ቀን ትኬቱ ተሸጦ ባለቀበት የፎልሰም ፊልድ የልምምድ ጨዋታ ላይ ሌሞኒየስ-ክሬግ የ98 ያርድ ኳስ ይዞ ሲሮጥ በጭብጨባ ሸኘነው፤ ቀናት ሳይቆጠሩ እርሱም ስሙን ፖርታል ውስጥ አስገባ። እርሱስ በምርጫው ሄዷል እንበል፣ ተቀባይም አያጣም። ቦታ የለህም ተብሎ የወጣው፣ ተቀባይ ቡድን ያላገኘው፣ የወሰዳቸው ኮርሶች በሌላ ዩኒቨርሲቲ ይያዙለት አይያዙለት የማያውቀው የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ግን ሽንፈቱን በራሱ ዕድሜ እየከፈለ ነው።

በ2023 (እ.ኤ.አ.) የሚሠራው የኮሌጅ ስፖርት ማኅበሩ የኤንሲኤኤ ደንብ ዋና አሰልጣኝ ሲለወጥ ከቡድን የሚወጣ ተማሪ በዚያው ዩኒቨርሲቲ ቢቀጥል ስኮላርሺፑ ለአንድ ቡድን ከተፈቀዱት ከ85ቱ ስኮላርሺፖች ኮታ ሳይቆጠር እንዲያገኝ ስለሚፈቅድ፣ ቦታ ጠበበ የሚል ምክንያት አያስኬድም። ስለዚህ ከቡድኑ ለወጣ ለእያንዳንዱ ተማሪ፣ ቦልደር ቆይቶ ዲግሪውን መጨረስ ከፈለገ ስኮላርሺፑ እንደማይነካበት በጽሑፍ እንዲገለጽለት፣ ፖርታል ገብተው ቡድን ያጡትም ተመልሰው መማር የሚችሉበት በር እንዲከፈትላቸው ቦርዱ እንዲወስን እጠይቃለሁ። ከወጡት ውስጥ ስንቶቹ ይህ መብት እንደተነገራቸው፣ ስንቶቹስ እንደተጠቀሙበት በቀጣዩ ስብሰባችሁ ለሕዝብ እንድታሳውቁም በአክብሮት አመለክታለሁ።

ከሰላምታ ጋር፣
አንድ የኦሮራ መራጭ